የጓድ ፈንታው ሸምበቆ መብራት

ባለቤቴ ገብረመስቀል፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሁለቱን ሸምበቆ መብራቶች፣ እንደ ሸምበቆ ረዘም ያሉትን ነጫጭ ፍሎረሰንቶች፣ ከደሴ ያመጣቸው ቤታችን ገና አንድ ቤት ሳለ ነው። ለከተማችን ሆቴል የመጣው ጄነሬተር ለኛም ሰፈር ጥቂት ይተርፈን ስለነበር አንዱን እልፍኝ ሰቀለ፣ አንዱን ጓዳ። እሱ ሞተ፣ ደርግ መጣ፣ ትርፍ ቤት የሚወርሰው አዋጅ ወጣ። ቀበሌው ለአንዲት መበለት ሁለት ክፍል ይበዛባታል ብሎ መሐሉን በኮምፔንሳቶ አስመታና እልፍኙን ለሊቀ መንበሩ ለጓድ ፈንታው ሰጠው። ለኔ ጓዳው ቀረኝ። ሰውየው ከነእናቱ ገባ። የሠርጌን አልጋ እንኳ አላወጡልኝም፤ እናቱ እማማ ወለተ ሩፋኤል ተኙበት።

ከሰኔ ወዲህ የጓድ ፈንታው መብራት አመሏ ተበላሸ። ማሽኑ ሲነሳ ጫፍና ጫፏ ይቀላል፣ ብልጭ ትልና ትጠፋለች፣ እንደገና ብልጭ። በኮምፔንሳቶው ስንጥቅ እኔ ዘንድ ድረስ ትጠቅሰኝ ነበር። የኔዋ እንደ ድሮዋ ቦግ ብላ ትበራለች። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ! እኔም በየማታው ይህንኑ ለራሴ እያልኩ ጥጤን እፈትል ነበር።

ጓድ ፈንታው ግን ተረት የሚሰማ ሰው አይደለም። ገመዱ ወደ እልፍኙ የሚያልፈው በኔ ጓዳ በኩል ነውና ነገሩን ከኔ ራስ አላወርድ አለ። አንድ ቀን ማሽኑ ገና እንደተነሳ አብዮት ጠባቂውን አድማሴን ከነጠመንጃው አስከትሎ መጣ።

«ወይዘሮ አልጣሽ፣ ይህ አሻጥር ነው» አለኝ።

«ብልሽት ነው እንጂ ምን አሻጥር አለው?»

«ብልሽት ከሆነ ያንቺዋ ለምን አልተበላሸችም?»

 እሱም ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ስማ አድማሴ፣ ምስክር ነህ። ይህን ያደረገ ሰው ዛሬውኑ ከዚህ ግቢ ይወጣል። ማንም ይሁን ማን! አብዮታዊ ውሳኔ ነው።»

ማንም ይሁን ማን ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ከዚያች ጓዳ ሌላ መግቢያ የለኝም። ወንድሜ ኮን ከተማ አለ፣ ግን ሚስቱ ለአንድ ቀን እንኳ አታስጠጋኝም። 

«እንግዲያው እንፈትሽ!» አልኩት። «ያንተን ሸምበቆ አውርድና ከኔ መስቀያ ላይ እንስካት። እዚህም ከተወላገደች ጥፋቱ የሷ ነው።»

አውርዶ አመጣት። በጫፏ ያሉት ሹል እግሮቿ ቀላ ያለ ነገር ይዘዋል። «ዝገት ነው» ብሎ በካኪ ኮቱ ጠርዝ ጠረገው። ከኔ መስቀያ ላይ ስትገባ ወዲያው ወገግ አለች። እኔንና አድማሴን አስከትሎ የኔዋን ወሰደና እልፍኙ ሰካት፤ እሷ ደግሞ እዚያ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

«አየሽ? ያንቺም እዚህ አልበራ አለች! ገመዱ ነው!»

«ስታርተሩስ?» አልኩት። ስታርተር የሚሏት መብራቷን መጀመሪያ የምትቆሰቁሳት ትንሽ ቆርቆሮ ናት፤ ገብረመስቀል ሲቀይራት አይቻለሁ። የሱን ከኔ፣ የኔን ከሱ አለዋወጥን። የኔ በራ፣ የሱ እንደ ልማዱ።

«የቀረን ገመዱ ነው» አለ። አሁን ፈገግ ብሏል። «ገመዱ ደግሞ ባንቺ በኩል ነው። አድማሴ፣ ዕቃዋን አውጣ።»

«መስቀያውን ሳትፈታ ገመድ አትበል!» ብዬ ጮህኩበት። «የሸምበቆዋ እግር የሚገባበትን ጉሮሮ ፈትተህ እይ! ወይስ ፈራህ?»

ሰው ፊት ፈራህ መባሉ ከነከነው። ማብሪያውን አጠፋ፣ ፋኖስ አስያዘኝ፣ በርጩማ ላይ ወጣና በካቻቢቴ ቡሎኑን ፈታው። ጉሮሮው ሲከፈት የደረቀ ቀይ ጭቃ ግንባሩ ላይ ተፈረፈረና መሬት ወረደ።

ላስታ ተወልዶ ያን አፈር የማያውቅ የለም። ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰድ፣ በጠበል ተለውሶ ለበሽተኛ የሚቀባ እምነት ነው። አድማሴ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ጎንበስ ብሎ ፍርፋሪውን በጣቱ ለቀመና ግንባሩን አስነካው፤ እንዲረገጥ አልፈለገም። ጓድ ፈንታውም ከበርጩማው ሊወርድ አንድ እግሩን አንስቶ፣ አፈሩን ላለመርገጥ ማሳረፊያ አጥቶ ነበር። በየስብሰባው ቄሶቹን ሲዘልፍ የሚውለው ሰውዬ! ሳቄ አመለጠኝ።

ሳቄን ሲሰማ ዓይኑ ደም ለበሰ። «አንቺ ነሽ! መተት አስደርገሽብኛል! አድማሴ፣ ያዛት!»

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ ወለተ ሩፋኤል።

እስከዚያ ድረስ አልጋው ላይ ተቀምጠው የምንሠራውን ያዩ ነበር። «ሰው በሐሰት አትወንጅል፣ ያ ልጄ። የሰው ቤት ገባን፣ በሙት አልጋ ተኛሁ። እርግማኑ አንተ ላይ እንዳያርፍ ብዬ ጉበኑንም ምሰሶውንም እምነት ቀባሁ። እሳት ሳይነካው የሚበራ ነገርማ ጨርሶ አላመንኩትም። ቀን ሰው በሌለበት አልጋው ላይ ቆሜ አፉን በእምነት ሞላሁለት።»

«እናቴ፣ ዝም በይ!»

«ምን ብዬ ዝም ልበል? ያደረገ ሰው ይወጣል ብለሃል። አድማሴም ሰምቷል።»

አድማሴ አቀርቅሮ ጠመንጃውን አነሳ። ጓድ ፈንታው አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። ቃሉን ያጠፈ እንደሆነ ግን በማግሥቱ ወሬው ቀበሌውን ሁሉ ያዳርሳል። ጀርባውን ለእናቱ ሰጥቶ የመብራቱን ጉሮሮ በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። እማማ ቁርበታቸውን በቀስታ አጠፉ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆሙና ወጡ።

መጥተው በሬ ላይ ቆሙ። «አልጣሽ፣ ታሳድሪኝ ይሆን?»

እውነቱን ልናገር፣ አላዘንኩላቸውም። በሠርግ አልጋዬ ሲገላበጡ ስንት ሌሊት ሲንቋቋ ሰምቻለሁ! ያስገባኋቸው ሌላ ነገር ስለታየኝ ነው። እናቱ ያሉባትን ጓዳ ማን ሊነጥቀኝ ይመጣል?

«ይግቡ፣ እማማ» አልኳቸው።

አድማሴ እንደሄደ ጓድ ፈንታው ደጃፌ ላይ መጣ። መብራቱ በርቶለታል፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። «እናቴን መልሺልኝ» አለኝ።

«ዕቃ ናቸው እንዴ የምመልስልህ? ክፍሌን ፈልገኸው አልነበር? ይኸው እናትህ አሉበት። ናና ሁለታችንንም አስወጣን!»

«እናቴ፣ ነይ ግቢ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አድማሴ ሄደ?» አሉት ከውስጥ።

«ሄዷል።»

«ታዲያ እሱ ከሄደ በኋላ ብትጠራኝ ምን ያደርግልኛል?»

ወደ እልፍኙ ተመለሰ። በሬን በኃይል ዘጋሁት። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር፤ ጓዳዬ ተርፋለች፣ ጠላቴም አፍሯል። እማማ ቁርበታቸውን ወለሉ ላይ ዘርግተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ወደሽ እንዳላስገባሽኝ አውቃለሁ» አሉኝ።

«እርስዎስ ወደው መጡ?»

 የተኙ መስሎኝ መብራቱን ላጠፋ ስነሳ ተናገሩ። «ቁርበቷን ሳጥፍ የዘገየሁት ለምን ይመስልሻል? ደጃፉ ላይስ መቆሜ? አትውጪ እናቴ እስኪለኝ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች እኮ!»

 ደስታዬ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ጠባቧን የጓዳ አልጋዬን ለቀቅሁላቸውና ቁርበቷ ላይ ተኛሁ፤ እንዲያም ሆኖ አልወደድኳቸውም።