በማክሰኞ ማዕዘን የፈሰሰ ውሃ

ዶ ምያ ዪ የትምባሆ ጠቅላይዋን የማ ትዌን ታሪክ በልብ ወለድ ስትጽፍ ሁሉን ለውጣለች። ልጅቷን ከበርማዋ ከተማ ከማንዳሌ አውጥታ ወንዝ ዳር ካለ መንደር አኖረቻት፤ ትምባሆ መጠቅለሏን አስጥላ ሸማኔ አደረገቻት፤ ስሟንም ቀየረችው። ሳትለውጥ የተወችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቅዳሜ የተወለደችው ልጅ ለየልደት ቀኑ ማዕዘን ወዳለው የቡድሃ መቅደስ፣ ወደ ፓጎዳው ሄዳ፣ የራሷን የቅዳሜውን የዘንዶ ማዕዘን አልፋ፣ በማክሰኞው በአንበሳው ማዕዘን የጸሎት ውሃ ታፈሳለች። ማክሰኞ ለተወለደ፣ ለምትወደው ወንድ ብላ ነው። መስመሩ አምሮ ስለወጣ ዶ ምያ ዪ ልትሰርዘው አልጨከነችም።

ማንዳሌ ውስጥ የሰው የልደት ቀን ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል ይታወቃል። የማ ትዌ ቀን ቅዳሜ፣ የትምባሆ ቤቱ አለቃ የኮ ሳን ቀን ማክሰኞ መሆኑን የማያውቅ የለም።

ልብ ወለዱ የወጣበት ጋዜጣ የራሷ የዶ ምያ ዪ ነው። ሴቶቹ ትምባሆ ሲጠቀልሉ አንዷ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። ይህን ልማድ ያስጀመረችው፣ ማኅበራቸውንም ያቋቋመችው እሷው ናት። በልብ ወለዷ ልጅቷ በፍቅር ተሸንፋ የአድመኞቹን ስም ለአለቃዋ ትነግረዋለች። ማ ትዌ ግን እያለቀሰች ያጫወተቻት ሌላ ነበር፤ ፍቅረኛዋ ኮ ሳን አድማ የሚያስቡትን ሴቶች ስም ጠየቃት፣ እምቢ አለችው፣ ተለያዩ። እምቢታ ለታሪክ አይጥምም ብላ ዶ ምያ ዪ ከዳተኛ አደረገቻት። ሴትን በብዕራቸው የሚያረክሱ ወንዶችን ስትገርፍ የኖረች ሴት፣ ከሁሉም የከፋውን ሠራች።

ማ ትዌ ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጣች።

«ተቀመጪ እንጂ።»

«አልቀመጥም። ሴቶቹ ከጎኔ ተነሥተዋል። ትሪዬን ይዤ በር ላይ ብቻዬን ነው የምሠራው።»

«ልብ ወለድ እኮ ነው፣ ማ ትዌ። ስምሽ የለበትም።»

«ውሃዬ አለበት። ውሃው እውነት ከሆነ ስም መስጠቷም እውነት ነው አሉ። ምን ይፈረድባቸዋል? ጋዜጣችን አይዋሽም እያሉ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

ዶ ምያ ዪ ፊቷ ጋለ። መቆጣት ለምዳለች፤ አሁን ግን የምትቆጣው ሰው አጣች።

«ሄጄ ሁሉም ፈጠራ ነው እላቸዋለሁ። ውሃውም ጭምር።»

«በሌላ ውሸት ሊያጥቡኝ? እዚያ ማዕዘን ላይ ያየችኝ አብራን የምትጠቀልለው አሮጊቷ ዶ ፑ ናት፤ ዓይኗ ደግሞ ከምላሷ አያንስም።» ማ ትዌ ወደ በሩ ዞረች። «ነገ አድማ እንምታ አንምታ ተብሎ እጅ ይወጣል። መሃላችን ጆሮ ጠቢ አለች ብለው እየፈሩ ማን እጁን ያወጣል?»

ከሰዓት በኋላ ዶ ምያ ዪ ከሰው የወሰደችውንና ከራሷ የጨመረችውን ለይታ ለመጀመሪያው ገጽ ጻፈች። የማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ ሽማግሌ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«እመቤቴ፣ ይህን ካወጣን ከእንግዲህ ማን ያምነናል?»

«እስከ ዛሬ ማመናቸው ማንን ጠቀመ? ልቀመው።»

በማግስቱ ጋዜጣውን ይዛ ትምባሆ ቤቱ ገባች። ኮ ሳን ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሲያያት ወጣ። አሮጊቷ ዶ ፑ አገሬው የሚበላውን የኮመጠጠ ሻይ ቅጠል እያላመጠች አየቻት።

«አንባቢያችን ዛሬ ጉሮሮዋን አሟታል። የጋዜጣው ባለቤት እርስዎ ራስዎ ያንብቡልን።»

ሴቶቹ ሳቁ። ዶ ምያ ዪ በአንባቢዋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አነበበች። ማ ትዌ ስም ተጠይቃ እምቢ ማለቷን፣ ክህደቱን ደራሲዋ ራሷ መፍጠሯን፣ የሰው ምስጢር ሳታስፈቅድ መውሰዷን አነበበች። ስትጽፈው ቀላል ነበር። አሁን እያንዳንዱ ቃል ከአፏ አልወጣ አለ። ስትጨርስ የሳቀ አልነበረም።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች ዶ ፑ። «ድገሚው።»

አንቱታው ቀረ። ሌላ ቀን ቢሆን ባልታለፈ ነበር። ከመጀመሪያው ጀመረች። መሃል ላይ ድምፅዋ ሲሰበር ዶ ፑ ትሪዋን ጎትታ አጠገቧ ቦታ ከፈተች።

«አንቺ ማ ትዌ፣ በር ላይ ንፋሱ ቅጠልሽን ያደርቅብሻል። ነይ ወዲህ።»

ማ ትዌ ትሪዋን አንሥታ በሴቶቹ መሃል አልፋ ተቀመጠች። ዶ ምያ ዪ የተሰረየላት መስሏት ጋዜጣውን አጠፈች።

ማ ትዌ አንድ ቅጠል መርጣ ጭኗ ላይ ዘረጋች።

«ገና ማንበብዎን አልጨረሱም» አለቻት፣ ቀና ሳትል።

ዶ ምያ ዪ ጋዜጣውን መልሳ ዘረጋች።