ሳይበርድ የተለካ ጎማ

አጎቴ ገልባጩን ከማዕድን ጉድጓዱ አውጥቶ ጎማ ክፍላችን በር ላይ ሲያቆም ጎማው እጅ ያቃጥል ነበር። የኋላ ቀኙን ነፋስ ለካሁት፤ መቶ ሃያ አለ። የሚፈቀደው መቶ ነው።

«ሃያውን ያስተንፍሱት» አልኳቸው ሽማግሌውን ጎሚስታ።

«ይብረድ እንጂ፣ ልጄ።»

«እስኪበርድ ማን ይጠብቃል፣ ጋሼ? ያስተንፍሱት።»

አንገታቸውን አከክ አድርገው አስተነፈሱት። አጎቴ እንደ ልማዱ ጎማውን በጫማው ጠለዘና «ኢንጂነሯ ካለችማ!» ብሎ ገልባጩን እየነዳ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

የጎማ መለኪያ ቅጹን የሞላሁት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። «መኪናው ከቆመ ስንት ሰዓቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ላይ ስደርስ እጄ ቀጥ አለ። መቶው የቀዝቃዛ ጎማ ልክ ነው። ጎማ ሲግል ነፋሱ ይጨምራል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ይህንኑ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ያስቀነስኩት ትርፉን አልነበረም። ነፋስ ያነሰው ጎማ ሠላሳ ቶን ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ይተጣጠፋል፣ ይብስ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል።

ራዲዮውን አነሳሁ። አለቃችንም፣ ሾፌሮቹም ይሰሙታል። «ብልሽት አለ፣ ቁም» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን አጎቴ ብልሽት ከተባለ ወርዶ ጎማ ሳይጠልዝ አያድርም።

«አጎቴ፣ ቁም! የኋላ ቀኙን ሳይበርድ ለክቼ ነፋስ አስቀንሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ራዲዮው ሿ አለ። ቁልፉን ደግሜ ተጫንኩ።

«አጎቴ!»

«ቆሜያለሁ። የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ልውረድና ልየው።»

«እንዳትጠጋው! ራዲዮህን ይዘህ በግራ ውረድና በፊት በኩል ወደ ላይ ሂድ። ሦስት መቶ ሜትር። ማንም ወደዚያ እንዳይነዳ!»

«ጉልበቴን ረሳሽው?»

«ሂድ አልኩህ! እያወራህ ሂድ።»

«ምን ላውራ?» ያለከልካል። «ሕፃን ሆነሽ ሻይ ሳይበርድ እየጨለጥሽ ምላስሽን ስትቃጠዪ... ያው ነሽ።»

ድምፁ ተቆረጠ። ጎሚስታው ተነሥተው ቆሙ። እኔ መቁጠር ጀመርኩ፤ አራት መቶ ሰባት ላይ ራዲዮው ተንጫጫ።

«ደርሻለሁ። ጭስ ይታየኛል።»

ጎማው አልፈነዳም። ከሰዓት በኋላ አለቃው ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

«የአንቺን ነገር ነገ እናየዋለን። አሁን ውረጂና ለኪው፤ መንገዱ ተዘግቷል።»

«ነገ ጠዋት» አልኩት። «ሲበርድ።»

ጎሚስታው ወንበር ሳቡልኝ። አልተቀመጥኩም።