አራት መቶ አሥራ ሦስተኛው ቀብር

ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኬን ይዤ ቡታጅራ ሙስሊም መቃብር ስገባ ያየ ሁሉ ያወራብኝ ነበር። ሴት ልጅ መቃብር ውስጥ ምን አላት ያለም፣ ከፈረንጅ ብር ትቀበላለች ያለም አለ። ያውሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ላይ የተጻፈውን ስም፣ የአባት ስምና የሞቱበትን ዓመት እየገለበጥኩ፣ ፎቶ እያነሳሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፌአለሁ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቀብር፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቼ። ከጅዳና ከቤይሩት ሰዎች የአያታቸውን ስም ሲያገኙ እያለቀሱ የድምፅ መልእክት ይልኩልኛል።

ችግሩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድንጋይ ጽሑፍ የለውም። የእኛ ሰው ራስጌና ግርጌ ድንጋይ አቁሞ፣ ዱዓ አድርጎ ነው የሚመለሰው። ለእነዚህ የምጠይቀው አርባ ዓመት ቀብር የቆፈሩትን ጋሽ ከድሮን ነበር። ዘመድ የላከልኝን የሟቹን ስም ስነግራቸው ዱላቸውን ተደግፈው ይሄዱና «ይኸው» ይላሉ። እኔም እጽፋለሁ።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በወንድሜ ምክንያት ነው። ዑመይር ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ወጥቶ መንገድ ላይ ቀረ። አብሮት የነበረ ልጅ ደውሎ ጫካ ውስጥ እንደቀበሩት ነገረኝ፤ የማን አገር ጫካ እንደሆነ እሱም አያውቅም። መስጊድ ውስጥ ሬሳው በሌለበት ተሰገደበት፣ ሰዉም ተበተነ። እናቴ ሳሌሃ ግን ሐዘኑ አልወጣላትም። «ለሰው ሁሉ ቀብር ታፈላልጊያለሽ፤ የኔስ ልጅ?» ትለኛለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። እቆጣታለሁ። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ አለቅሳለሁ።

ባለፈው ወር ጀማሉ የሚባል ሰው ከጅዳ መጣ። የእናቱን ቀብር ቁጥር ሁለት መቶ ስምንት ላይ አግኝቶ ነው፤ ጋሽ ከድሮ ካሳዩኝ አንዱ። አፈሩ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፣ ስሟንም በሲሚንቶ አጻፈ። በሳምንቱ ሩፋይዳ የምትባል ሴት ከአዲስ አበባ ጻፈችልኝ። ያ ቀብር የአባቷ እንደሆነ ነግራኝ በቀብሩ ዕለት የተነሳ ፎቶ ላከች። ጎኑ የተሸረፈው ድንጋይ ያው ነው፤ ከኋላው ያለው ግራርም ያው ነው።

ጋሽ ከድሮ ዘንድ ሄድኩ። ፎቶውን ከማሳየቴ በፊት ፈተንኳቸው። ከራሴ የፈጠርኩትን ስም ጠርቼ፣ ይህ ሰው የት ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ፣ ዱላቸውን አነሱ፣ አጥሩ ሥር ወስደው «ይኸው» አሉኝ።

በሽማግሌ ላይ መጮህ ነውር መሆኑን እያወቅኩ ጮህኩባቸው። ስንቱን እንዲህ እንዳደረጉ ስጠይቃቸው አያስታውሱም። ዓይናቸውም ልባቸውም ከደከመ ቆይቷል።

«ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ እናቴ የት ናት ሲለኝ፣ አላውቅም ብዬ ልመልሰው?» አሉ።

ሁለተኛ እንዳይደግሙት በአላህ አስማልኳቸው፤ ማሉ። ቤት ገብቼ ቻናሉን ላጠፋው ከፈትኩት። የቱ እውነት የቱ ውሸት እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፣ ማጥፋትም አቃተኝ። ለጀማሉም አልደወልኩም። ፈሪ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴን ከቤት አጣኋት። ጎረቤታችን ወደ መቃብሩ ስትሄድ አይቻታለሁ አለችኝ። በባጃጅ ስደርስ ጋሽ ከድሮ ፊት ቆማለች።

«ለሰው ሁሉ አሳይተሃል፤ የልጄን የዑመይርንም አሳየኝ» እያለቻቸው ነበር።

እሳቸው እኔን አዩኝ። በሆዴ ለመንኳቸው። ዱላውን ያንሱ፣ ይሂዱ፣ ያሳዩአት አልኩ።

«አላውቅም፣ ሳሌሃ» አሉ።

እናቴ አልጮኸችም። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። «አንተም አታውቅም?» አለች በቀስታ።

ያን ድምፅ አልቻልኩትም። ብብቷን ይዤ አነሳኋትና ከግራሩ አለፍ ብሎ ወዳለ ጽሑፍ የሌለው ድንጋይ ወሰድኳት።

«ይኸው፣ እማዬ» አልኩ።

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ዑመይር ሰው አገር ጫካ ውስጥ መቀበሩን የነገርኳት እኔው ነኝ። ከዚያ ተንበርክካ ድንጋዩን በሻርፗ ጠረገችው።

«ፎቶ አንሺውና ጻፊው» አለችኝ።

ጋሽ ከድሮ ከጎኗ አጎንብሰው አረም መንቀል ጀመሩ። ስልኬን አወጣሁ። ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሦስት፣ ዑመይር ብዬ ጽፌ ለጠፍኩት። ከድንጋዩ ሥር የተኛው የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቀን እናቱ ፈልጋው ብትመጣ የት ብዬ እንደማሳያትም አላውቅም።