እየዘፈኑ አልሞቱም

ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ሰው ቢጫ ጃንጥላ ወደ ሰማይ ቀስሮ በመስኮቴ ሥር ይቆማል። ዝናብ የለም፣ ፀሐይ የለም፣ ጃንጥላው ግን አለ። የሚከተሉት ሰዎች እንዳይጠፉበት ነው አሉ። እንዴት አድርገው ይጠፋሉ? ስርጣችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ መግቢያው አንድ፣ መውጫው አንድ። ሰፈሩ ሰውየውን «ጃንጥላ» ይለዋል። እሱ ራሱን «አስጎብኚ» ይላል። ጉብኝቱም ስም ወጥቶለታል፤ «የተረሱት ጉዞ»።

የተረሱት እንግዲህ እኛ ነን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ለወፈረ አሰፋለሁ፣ ለከሳ አጠብባለሁ። ሠላሳ ዓመት በዚህ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ ማንም ረስቶኝ አያውቅም። ቅምቅማቱ የተተረተረበት ሁሉ ቤቴን ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል። ነገር ግን ከላይ ግንቡ ውስጥ ያለውን ቤተ መንግሥት እያዩ የጠገቡ ሰዎች ድሃ ማየት አማራቸው፤ ጃንጥላም አምሮታቸውን አወቀላቸው።

ከመስኮቴ ፊት ለፊት አንድ የዛገ ትልቅ የብረት በር አለ። ከበሩ ጀርባ ዱሮ የከተማው ሆስፒታል ልብስ የሚታጠብበት ግቢ ነበር። አሁን የተሰበረ ወንበር ማጠራቀሚያ ነው። ጃንጥላ እዚያ ሲደርስ ሐዘን ቤት እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«እዚህ ግቢ ውስጥ» ይላል፣ «ተስቦ ከተማውን ሲፈጅ፣ አሥራ ሁለት አጣቢ ሴቶች በሽታው እንዳይዛመት ብለው በገዛ ፈቃዳቸው በሩን በላያቸው ላይ ዘጉ። አርባ ቀን የበሽተኛ አንሶላ እያጠቡ፣ እየዘፈኑ፣ አንድ በአንድ አለቁ። አንዲት እንኳ በሕይወት አልወጣችም። ዘፈኑ ዝም ያለ ቀን ከተማው ዳነ!»

ይኼኔ ጎብኚዎቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ከንፈር መምጠጥ እንደ ስፌት ሙያ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሰዎች አገር ምድሩን ባለበሱት ነበር። ከዚያ በሩን ፎቶ ያነሳሉ፤ አንዳንዱ በሩ ላይ ተደግፎ ራሱን ያነሳል። ከዚያ ይሄዳሉ።

ከሥራ ክፍሌ ጀርባ ባለችው ክፍል አክስቴ ትኖራለች። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ሰባ ስምንት ዓመት ሆኗታል። እቴቴ ነው የምንላት። እቴቴ ከአሥራ ሁለቱ አጣቢዎች አንዷ ነበረች። ይህንን ቤታችን ሁሌም ያውቃል፤ የሚወራው ግን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች «አባትሽ ነው ያወጣት» ትለኝ ነበር። አባቴ የማዘጋጃ ቤት ዘበኛ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ቀበቶውን አጥብቆ የሚያስር ሰው። ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደ ወርቅ ጥርስ ይዣት አደግሁ፤ ስስቅ እንድትታይልኝ ያህል።

እቴቴ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «መስኮቱን ዝጊው» ትለኛለች። ጫጫታው ነው እያልኩ እዘጋለሁ። አንድ ቅዳሜ ግን ሙቀት ስለነበር ክፍት ተውኩት። ጃንጥላ «አንዲት እንኳ በሕይወት አልወጣችም» ሲል ከጓዳ ድምፅ መጣ።

«ሞቼ ኖሯል እንዴ? ማን ቀበረኝ በይ?»

እኔ በሳቅ ፈነዳሁ። እቴቴ ግን አልሳቀችም።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ጃንጥላ ራሱ ኪሱ የተቀደደ ጃኬት ይዞ መጣ። ያለ ጃንጥላው ሲታይ ጸጉሩ የሳሳ፣ አርባ ዓመት የሆነው ተራ ሰው ነው። ጃኬቱን ገልብጬ እያየሁ፣

«ያን የአጣቢዎቹን ታሪክ ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከጥናት ነው እህቴ። ከመዝገብ።»

«ከየትኛው መዝገብ?»

«አንድ የድሮ ጸሐፊ ማስታወሻ አለ… እሱ ደግሞ ከሌላ ሰው ሰምቶ ነው የጻፈው።»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ዘፈኑንስ ማን ጨመረው?»

ትንሽ አፈረ መሰለኝ። «እንግዲህ ጎብኚ ስሜት ይፈልጋል። ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ መሆን አለብን።»

«ድምፅ እንደሌላቸው በምን አወቅህ? ከአሥራ ሁለቱ አንዷ እዚያ ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብላለች። በሬን ስንቴ አልፈህ ሄድክ፤ አንድ ቀን እንኳ አንኳኩተህ ጠይቀሃል?»

ያፍራል፣ መሬት ተከፍታ ትውጠው ዘንድ ይመኛል ብዬ ስጠብቅ ዓይኑ በራ። «ሕያው ምስክር!» አለና እጄን ከነመርፌዬ ያዘው። «እናታችን ለጎብኚዎቼ ቢናገሩልኝ!»

ንቀቴ እዚያ ላይ ሞልቶ ፈሰሰ። ይናገሩልሃል፣ አልኩ በሆዴ። በገዛ ጎብኚዎችህ ፊት ዘፈንህን በአፍህ ታጎርስሃለች። እግረ መንገዷንም አባቴ ማን እንደነበር ይስማ፤ አገሩ ሁሉ ይስማ።

እቴቴ መጀመሪያ እምቢ አለች። ሁለት ቀን ነዘነዝኳት። «እቴቴ፣ ውሸታም ነው። አባዬ እንዳወጣሽ ንገሪያቸውና አፉ ይዘጋ» አልኳት። እቴቴ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ልብስ ስትገዛ ስፌቱን ገልብጣ እንደምታየው ዓይነት አስተያየት ነበር።

«እንድናገር ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ።»

«እሺ። ቅዳሜ።»

ቅዳሜ በደጃፉ ላይ ወንበር አወጣሁላት። ጃንጥላ አሥራ አምስት ያህል ሰው አስከትሎ መጣ፤ በእጃቸው የውሃ ጠርሙስ፣ በራሳቸው ላይ ኮፍያ። ተራራ የሚወጡ እንጂ ስርጥ የሚገቡ አይመስሉም። እቴቴን በሁለት እጁ ሙዚየም ዕቃ እንደሚያሳይ ሰው አሳያቸው። እኔ መቀሴን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ድሌን እጠብቃለሁ።

«በሩን አልዘጋነውም» ብላ ጀመረች እቴቴ። «ተዘጋብን። ጠዋት ሥራ ገባን፣ ሥራ ጨርሰን ልንወጣ ስንል ከውጭ ተቆልፏል። የማዘጋጃ ቤት ትእዛዝ ነው ተባልን። አሥራ ሁለት ነበርን። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።»

ጃንጥላ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናታችን፣ ይዘፍኑ ነበር አይደል?»

«እንጮህ ነበር። መጀመሪያ ሁላችንም። ኋላ ኋላ ጉልበት የተረፋት ብቻ። ሰባቱ እዚያው ሞቱ፤ አምስታችን በአርባኛው ቀን ወጣን።»

እኔ ወደ እሱ ዞሬ ፈገግ አልኩ። እቴቴ ግን አልጨረሰችም።

«የቆለፈብን ወንድሜ ነው። የዚች አባት።» በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «ቁልፉን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ከውጭ ይቀመጥ ነበር። ‹ወንድሜ ክፈት› እለዋለሁ፣ ‹ታዝዤ ነው› ይለኛል። የሚላክልን ምግብ አይበቃም ነበርና በየቀኑ ዳቦ ጠፍጥፎ በበሩ ሥር ያሾልክልኛል። ለእኔ ብቻ። ያ ነው እንግዲህ ያወጣኝ። ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያዩኛል። እኔም በላሁት። አንድ ቀን እንኳ አላካፈልኩም።»

መቀሱ እጄ ላይ ከበደኝ። ሰዎቹ ከሷ ዓይናቸውን አንስተው እኔን ሲያዩ፣ ጃንጥላን ሳይበት የኖርኩት አስተያየት ራሱ ተመልሶ እኔ ላይ አረፈ።

አንዲት ኮፍያ ያደረገች ሴት «ይቅር አሏቸው?» ስትል ጠየቀች።

«ከአርባ ዓመት በላይ ከአንድ ገበታ በላን» አለች እቴቴ። «አርጅቶ እጁ ሲያቅተው ጥፍሩን የምቆርጥለት እኔ ነበርኩ። አንቺ ካወቅሽበት ስም አውጪለት።»

ከንፈር የመጠጠ የለም። ጃንጥላ ብቻ «እናመሰግናለን፣ እጅግ ልብ የሚነካ ነው» አለና ሰዎቹን ወደሚቀጥለው ስፍራ ነዳቸው።

ስንገባ በሩን ዘግቼ ጮህኩባት። «ለምንድን ነው እስከ ዛሬ ያልነገርሽኝ? በሰው ፊት እንዲህ ታዋርጂኛለሽ?»

«እንድናገር የፈለግሽው አንቺ ነሽ» አለች፤ ቁጣም የለባት። «አባትሽን ትወጂው ነበር። እኔም እወደው ነበር። ደግሞ እሱ ቆለፈ ብዬ ባወራ፣ ዳቦውን ማን በላው ሊባል ነው። አፌን ያሰረው የሱ ቁልፍ አይደለም።»

ለሳምንት ያህል የአባቴን ፎቶ ከግድግዳው ላወርድ እጄን አነሳለሁ፤ መልሼ እተወዋለሁ። ጃንጥላን ባወራው ውሸት ስንቀው፣ እኔ ደግሞ የማላውቀውን ነገር ይዤ ስኮራ ኖሬያለሁ። ማናችን እንደምንብስ እንጃ።

እቴቴ ግን አንድ ጊዜ አፏን ከከፈተች በኋላ የሚመልሳት ጠፋ። ጃንጥላ ጃኬቱን ሊወስድ ሲመጣ ከጓዳ ጠራችው። «ሰባቱ የተቀበሩበት ከቄራው ጀርባ ነው። ቅዳሜ ትወስደኛለህ።»

«እናታችን፣ እዚያ እኮ አሁን የመኪና ማቆሚያ ነው። ለጎብኚ የሚታይ ነገር የለውም።»

«እኔ ላይ የሚታይ ምን አገኘህ?» አለችው። ጃኬቱን አጥብቄ ይዤ፣ እሺ እስኪል አልሰጠሁትም።

ቅዳሜ ሄድን። እቴቴ በእኔ ክንድ ተደግፋ፣ በየመቶ እርምጃው እያረፈች፤ ጎብኚዎቹ ከኋላ እየተንጠባጠቡ። ሦስቱ ሰልችቷቸው ከመንገድ ተመለሱ፤ ለተረሱት የነበራቸው ፍቅር ዳገት አይወጣም ነበር። ስንደርስ የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ፣ ባለ መለዮ ሴት፣ እየሮጠች መጣች።

«መኪና ከሌላችሁ እዚህ መቆም አይቻልም!»

«እነሱም መኪና አልነበራቸውም» አለች እቴቴ። በሁለት ነጫጭ መኪኖች መካከል ገብታ ቆመች። «የእናት የአባት ስማቸውን ሳይሆን፣ ገንዳ ላይ የምንጠራራበትን ነው የምነግራችሁ» ብላ ጣቷን እያጠፈች ጠራቻቸው። «ረጅሟ። ሳቂታዋ። የመንታዎቹ እናት። ጎርናናዋ። አኩራፊዋ። ባልቴቷ። ግራኟ። ግራኟ አንሶላ ስትጨምቅ ሁላችንም ወደ ቀኝ ስንጠመዝዝ እሷ ወደ ግራ ትጠመዝዛለችና አብሯት የሚጨምቅ አይገኝም ነበር። እኔ ነበርኩ የምጨምቅላት። መጨረሻ የሞተችው እሷ ናት።»

ጠባቂዋ መለዮ ባርኔጣዋን አውልቃ ነበር። ጃንጥላ በደብተሩ ላይ ይጽፋል። ጎንበስ ብዬ ሳየው «ጎርናናዋ»ን «ቀርፋፋዋ» ብሎ ጽፎታል። ብዕሩን ተቀብዬ አረምኩት።

ለሦስት ሳምንት ያህል እውነቱን ተናገረ። በአራተኛው ሳምንት ዘፈኑ ተመለሰ። «ምን ላድርግ?» አለኝ ስጠይቀው። «ሰው እዚህ ላይ በጣም ካዘነ ቀጥለው ያሉት ሁለት ስፍራዎች አይጥሙትም።» ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ ጋ ሲደርስ እኔ በመስኮቱ አንገቴን አስግጌ «ይጮሁ ነበር! የቆለፈባቸውም አባቴ ነው!» እላለሁ። መጀመሪያ የተናገርኩት ቀን ጉሮሮዬን እንደ ሬት መረረኝ፤ ኋላ ለመድኩት። ጃንጥላ ግን የሚሸነፍ ፍጥረት አይደለም። አሁን ገና ስርጡ አፍ ላይ ሆኖ «ቀጥሎ የሰፈሩን ሕያው ድምፅ ትሰማላችሁ» እያለ በጣቱ መስኮቴን ያሳያቸዋል። ጮኼ ስጨርስ ያጨበጭቡልኛል። ሰውን ከነንቀቱ ገቢ ማድረግ የሚችል እንዲህ ያለ ፍጡር አይቼ አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ፣ የቀሚስ እጅጌ እያስገባሁ ሳለ፣ ስልሳውን ያለፈ ሰው በሩ ላይ ቆመ። የያዘው ልብስ የለም። ኮፍያም የለውም፤ ጎብኚ አይደለም።

«የልጄ ሚስት ያን የጃንጥላውን ሰውዬ ተከትላ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄዳ ነበር» አለ። «አንዲት ግራኝ አጣቢ ነበረች ተብሏል አለችኝ።»

«ነበረች።»

«እናቴ ግራኝ ነበረች ይላሉ። አጣቢ ነበረች። እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር።» እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። «ጮክ ብዬ የምጠይቅበት ቤት አላገኘሁም ነበር። ሲወራ የሰማሁት እየዘፈኑ ሞቱ የሚለውን ነው፤ ያንን ደግሞ ልጅ ሆኜም አላመንኩትም።»

ወደ ጓዳው አስገባሁትና በሩን ዘጋሁባቸው። ለመስማት ብፈልግ የበሩ ሳንቃ ስስ ነው፤ ነገር ግን የስፌት መኪናዬን ረገጥኩ፤ የምሰፋው ሲያልቅብኝም ባዶ ጨርቅ ላይ ረገጥኩ። ቀትር አለፈ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ዳቦውን ነግረውኛል» አለ። «መጀመሪያ የነገሩኝ እሱን ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ምን እላለሁ። ነገ እመለሳለሁ፤ ያልጠየቅኳቸው ብዙ አለ።» ከአፍታ በኋላ ጨመረ፣ «ከፈቀዳችሁ።»

ከሄደ በኋላ እቴቴ ጠራችኝ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ደክሟታል፣ ግን ቀና ብላለች።

«ነገ መጋረጃውን ክፈቺልኝ» አለች። «ፊቱን በብርሃን ልየው። የግራኟ አፍንጫ ነው ያለው።»