የተደፋው ባልዲ

ሞግዚት ብሎ የሰደበኝ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። ቀኑም አይጠፋኝም፤ እህቱን ባገባሁ በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የጋራዡ ሰው ሁሉ ባለበት። እሱ አለቃ ነበር፤ እኔ ፍሬን ሠራተኛ።

የአንድ አውቶቡስ የኋላ ጎማ ፈትቼ፣ የፍሬኑን ክብ ብረት፣ ታምቡሩን፣ አውጥቼ፣ ውስጡ የተከማቸውን የፍሬን ሸራ ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግኩ ነበር። ሙያ ያስተማረኝ ሽማግሌ ባልዲ ውሃ አጠገቡ ሳያስቀምጥ ታምቡር አይከፍትም ነበር። «ይሄን አቧራ ከቀሰቀስከው መልሰህ አታስተኛውም» ይለኛል። ምክንያቱን እሱም በቅጡ አያውቀውም፤ አብረውት የጀመሩት ግን አንድ በአንድ እያሳላቸው እንዳለቁ ያውቃል።

አለቃው መጥቶ ከላዬ ቆመ።

«ምነው እቴ፣ ልጅ እያጠብሽ ነው?» አለኝ። ሰው ሳቀ። «ኧረ ሳሙና አምጡላት! ሞግዚት መቅጠራችንን ማን ነገረኝ?»

ባልዲውን በእግሩ ደፋው። የኮምፕሬሰሩን የአየር ቱቦ ወረወረልኝና፣ «አማቼ ነው ብዬ አልታገስህም። እዚህ ቤት በአየር ነው የሚጸዳው። ንፋው!» አለኝ።

ነፋሁት። አዲስ ሙሽራ፣ እንጀራው በሰው እጅ ያለ፣ ምን ይላል? ግራጫ ብናኝ ቡን ብሎ ተነሳና ፊቴና ቱታዬ ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ሞግዚት ሆኖ ቀረ፤ ባልዲም አላነሳሁ። ከሥራ ስንወጣ በዚያው ቱቦ አንዳችን የሌላውን ቱታ እንነፋለን፤ መታጠቢያችን እሱ ነበር። የተረፈውን ብናኝ ለብሼ ቤቴ እገባለሁ።

ሚስቴ ቱታዬን በር ላይ አስወልቃኝ፣ በሁለት እጇ ይዛ ታራግፈዋለች። «ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የዋልከው?» እያለች ትስቃለች። እንዲህ ስታራግፍልኝ ልጆች ወለድን፣ ዳርን።

አምና ሳል ጀመራት። ብርድ ነው አልን። ከዚያ ደረጃ መውጣት አቃታት፤ ከዚያ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ መሄድም። ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ራጇን ብርሃን ላይ ሰቅላ ቆየች።

«ሥራዎ ምን ነበር?» አለቻት።

«የቤት እመቤት ነኝ።»

«ባለቤትዎስ?»

ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ልብሳቸውን የሚያጥበው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለው?» አለች ሚስቴ። በኩራት ነው ያለችው።

ሐኪሟ ውጭ ጠራችኝ። በድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ነገር ነበር አለችኝ፤ ብናኙ ዓይን የማያየው መርፌ ነው፣ ሳንባ ውስጥ ከተሰካ አይወጣም፣ ስንት ዓመት ተኝቶ ይነሳል። በአየር መነፋት አልነበረበትም፤ ቱታውም ቤት መግባት አልነበረበትም።

«አሁንስ?» አልኳት።

«ሕመሙን እናስታግስላቸዋለን። የእርስዎንም ደረት እንየው።»

«የኔ ይቆይ» አልኩ።

ስመለስ ሚስቴ እጄን ያዘች። «ወንድሜ ሲመጣ በሞቴ እንዳትጣሉ» አለችኝ። ድሮ በሞቴ የምትለው አንድ ጉርሻ ልታስጨምረኝ ነበር። ማልኩላት።

መጣ። ፀጉሩ ነጥቷል፤ ሱፉ ግን ዛሬም አለቃ ነው። በሩ ላይ አገኘሁትና ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ቀና አለ።

«እና አንተ ምን ነክቶህ ነው?» አለኝ። «እንዲህ ያለ ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ አይጠረግም? አንድ ባልዲ ውሃ አጠገብህ ማስቀመጥ ምን ይከብዳል? ለዚህም መማር ያስፈልጋል? እህቴን እኮ ጨረስካት!»

የሚያላግጥብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አላላገጠም፤ እንባ አቅርሯል። ከልቡ ረስቶታል። እኔ ዕድሜ ልኬን ስተኛም ስነሳም ያላመጥኩትን ቃል፣ እሱ በዚያው ቀን ተፍቶት ሄዷል።

አፌን ከፈትኩ። ከውስጥ ሳሏ ተሰማ፤ ሲበርድላት፣ «ወንድምዬ ነው የመጣው?» አለች።

መሐላዬን አስቤ በሩን ከፈትኩለት። እሱ ሲገባ፣ እኔ በኮሪደሩ ወደ መውጫው ሄድኩ።