ስሟን ታነባለች

ዳይሬክተራችን አቶ ኩመራ ቅጹን ለሦስተኛ ጊዜ ሲመልሱልኝ የክፍሌን ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ ወርውሬ ወደ ቤቴ ልሄድ ትንሽ ነበር የቀረኝ። የቅጹ አናት ላይ በቀይ ቀለም «ዝቅተኛ ነው» ይላል። ያው ቀለም፣ ያው ጽሕፈት፣ ያቺው ሁለት ቃል። ሰውየው ሌላ ቃል የሚያውቁ አይመስልም።

ጊዜው 1957 ዓ.ም. ነው። መቱ ውስጥ አስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍልን ሁለትም ሦስትም ጊዜ የደገሙ ሰባት ልጆች ተለቅመው ለእኔ ተሰጡኝ። አንዱ እጁ እየተንቀጠቀጠ ጠመኔ አይጨብጥለትም። አንዷ ገና አፏን ስትከፍት ትንተባተባለች። ክፍላችን የቆርቆሮ ዕቃ ቤት የነበረ ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር እኔ እነሱን አልሰማም፣ እነሱም እኔን አይሰሙም፤ መቱ ደግሞ ዝናብ የማይመጣበት ቀን ስንት ነው? ለእነዚህ ልጆች ነው እንግዲህ ቅጽ ሙዪ የተባልኩት። እያንዳንዳቸው እስከ ግንቦት መጨረሻ ምን ማንበብ እንደሚችሉ፣ የእያንዳንዱ ግብ በአንድ መስመር ይጻፍ ተባለ። ግቡ ላይ ያልደረሰ ልጅ ይሰናበታል፤ ቦታው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ልጅ ይሰጣል።

ሰውየውን እንዳልጠላቸው የሚያደርገኝም ይኸው ነበር። ዛፉ ሥር በእርግጥ ስልሳ ልጅ አለ። አቶ ኩመራ ጠዋት ጠዋት በአጠገባቸው ሲያልፉ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚያልፉት። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ሰድቤያቸው ይወጣልኝ ነበር።

ዓያንቱ ደበሳ የዳሪሙ ልጅ ናት፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ይዟት ነፍሷን ቢተውላትም ጆሮዋን ወሰደባት። ከኋላዋ ባልዲ ቢወድቅ ዞር አትልም። አባቷ ለማትሰማ ልጅ ትምህርት ምን ያደርግላታል ብሎ ሲከራከር፣ እናቷ ኡርጌ መቱ ከምትኖር እህቷ ዘንድ አምጥታ አስቀመጠቻት። በየገበያው ቀን ቅቤዋን ሸጣ ስትጨርስ ባዶ ቅሏን አንጠልጥላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። ልጇን አገላብጣ ስማ ስታበቃ ወደ እኔ ዞራ በኦሮምኛ «ዛሬስ ምን ተማረች?» ትለኛለች።

ምን ልበላት? በእኛ ዘንድ ፊደል የሚለየው በጩኸት ነው። መምህሩ በዘንግ ገበታውን ይጠቁማል፤ ልጆቹ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ «ሀ! ሁ! ሂ!» ይላሉ፤ ጮክ ብሎ እስከ መጨረሻው የዘለቀ ተማረ ይባላል። ዓያንቱ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አፏን ገጥማ ሦስት ዓመት ተቀምጣለች። መዝገቡ ላይ ሦስት ጊዜ «ሰነፍ» ተብላ ተጽፋለች። ሳነበው ደሜ ፈላ።

እኔ ጩኸቱን ተውኩት። የሳሙና ካርቶን ቆራርጬ በር ላይ «በር»፣ ወንበር ላይ «ወንበር»፣ ጠመኔው ሳጥን ላይ «ጠመኔ» ብዬ ለጠፍኩ። ለየልጁም ስሙን ጽፌ ሰጠሁ። ዓያንቱ በሁለት ወር ውስጥ ካርቶኖቹን ቀላቅዬ ብሰጣት እየለየች ከየቦታቸው ትመልስ ጀመር። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። ስሟን የምታውቀው እኔ በጻፍኩላት ካርቶን ላይ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ስጽፈው ትከሻዋን ትነቀንቃለች። ሌላ መምህር ሲጽፍላት ካርቶኗን ከደረቷ አውጥታ «ስሜ ይኼ ነው» በሚል ዓይን ታየኛለች። ስለዚህ ቅጹ ላይ እንዲህ ብዬ ሞላሁ፦ «ስሟን በማንም እጅ፣ የትም ቦታ ተጽፎ ብታገኘው ታነባለች። ዐሥራ ሁለት የዕቃ ስሞች አንብባ በእጇ ታሳያለች።»

«ወይዘሪት በየነች» አሉኝ አቶ ኩመራ በሦስተኛው ጊዜ፣ «ዐሥራ ሁለት ቃል? ከጎሬ የሚመጣው ኢንስፔክተር ምን ይለኛል?»

«ከዐሥራ ሁለቱ በፊት እኮ አንድም አልነበራትም፣ ጋሼ።»

«የሌላው ክፍል ልጆች ፊደሉን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘልቁታል።»

«በቃላቸው ነው እኮ የምልዎት! ገበታውን ገልብጠው ቢሰቅሉትም ይዘልቁታል!»

 አቶ ኩመራ ቅጹን ከእጄ ወስደው ለሰባቱም ልጆች አንድ ዓይነት ግብ በራሳቸው እጅ ጻፉ፦ «ፊደልን ከሀ እስከ ፐ ድምፅ ከፍ አድርጎ ይላል።» ድምፅ ከፍ አድርጎ! ለዓያንቱ! ለምትንተባተበውም ልጅ! እጅ ነስቼ ወጣሁ፤ በሩን ግን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ነው የዘጋሁት።

ኢንስፔክተሩ በግንቦት ጭቃ ከጎሬ መጣ። ጫማውን በር ላይ ሲጠርግ ቆየና ዘንጉን አነሳ። መጀመሪያ የቆመው ከሌላው ክፍል የነጋዴው የሙነወር ልጅ ነዚፍ ነበር። ነዚፍ ድምፁ መልካም ነው፤ ፊደሉን እንደ ዘፈን ያንቆረቁረዋል። ኢንስፔክተሩ እጁን ደክሞት ዘንጉን «ቀ» ላይ አሳርፎ ሲቆም፣ ነዚፍ ያለ ዘንግ «ተ ቱ ቲ» እያለ አልፎት ሄደ። ከእኔ በቀር ማንም ልብ አላለውም። ኢንስፔክተሩ «ጎበዝ!» አለና ምልክት አደረገለት።

የዓያንቱ ተራ ደረሰ። ዘንጉን አየች፤ ኢንስፔክተሩን አየች፤ እኔን አየች። 

«ጌታዬ፣ ይህች ልጅ አትሰማም» አልኩ። «ካርቶኖቹን ይስጧት፤ አንብባ ታሳይዎታለች።»

ኢንስፔክተሩ ቅጹን አንብቦ ወደ እኔ ዘረጋው። «እዚህ ላይ ስለ ካርቶን የተጻፈ ነገር የለም፣ እኅቴ። ግቧ ድምፅ ከፍ አድርጎ ማለት ነው።»

ቅጹን አየሁት፤ ተጽፏል። አቶ ኩመራ ከበሩ አጠገብ ቆመው መሬት መሬቱን ያያሉ። ከዓያንቱ ጋር የሌሎች ሁለት ልጆች ስም ላይ ጭረት ተደረገ። ማታውኑ አቶ ኩመራ ቢሮ ገብቼ ለመንኳቸው። የሚሰናበቱት ዝርዝር ግን በእሳቸው እጅ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ክብ ማኅተም አርፎበት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይለወጣል እንዴ፣ ወይዘሪት በየነች?» አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። እኔ ግን አላዘንኩላቸውም። ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ፤ ካለቀስኩ አይቀር ሰበብ ይኑረኝ ብዬ ነው።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ስደርስ ዝርዝሩ ቢሮው በር ላይ ተለጥፏል። አናቱ ላይ «ከትምህርት የሚሰናበቱ ተማሪዎች» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ስም፣ ፊርማና ማኅተም። ነዚፍ ወረቀቱ ሥር ቆሞ አንጋጧል።

«እትዬ፣ ምን ይላል?» አለኝ። ትናንት ጎበዝ የተባለው ነዚፍ!

መልስ ሳልሰጠው ዓያንቱ በመሐላችን ሾልካ ገባች። ወረቀቱን አየችው።  ከደረቷ ካርቶኗን አወጣችና ከመጨረሻው ስም አጠገብ ያዘችው። አንዴ ይኼን፣ አንዴ ያንን ታያለች። የአቶ ኩመራ ጽሕፈት ከእኔ ጋር አይመሳሰልም፤ ጠመም፣ ቀጠን ያለ ነው። ከዚያ ካርቶኑን ጣለችው። ጣቷን ስሟ ላይ አሳረፈች፣ በዚያው ጣቷ ደረቷን ነካች፣ ግቢው እስኪሰማ ሳቀች።

ስንት ወር የደከምኩበት ነገር ነው! በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ቦታ፣ ማንም ሳይጠቁማት። ደስ ሊለኝ ሲገባ የወረቀቱን አናት ደግሜ አነበብኩ። ስሟን እንጂ «የሚሰናበቱ» የሚለውን መቼ አስተማርኳት?

ኡርጌ ባዶ ቅሏን ይዛ በግቢው በር ስትገባ ልጅቷ ሮጣ በነጠላዋ ጎተተቻት። አምጥታም ጣቷን እንደገና ከስሟ ላይ አደረገች።

«መቃ ኢሼቲ?» አለችኝ እናትየው። ስሟ ነው ወይ ማለቷ ነው።

«ስሟ ነው። ራሷ ነው ያነበበችው» አልኳት።

ኡርጌ ቅሏን መሬት አስቀምጣ እልል አለች። ቢሮው በር ላይ፣ እዚያው ወረቀት ሥር እልል አለች! አቶ ኩመራ ደንግጠው ወጡ። ኡርጌ እጅ ነስታቸው ወደ እኔ ዞረች።

«ባርሲስቱ፣ ማል ጄዳ?» አለችኝ፤ አስተማሪዋ፣ ምን ይላል ማለቷ ነው። «ለልጄ ምን ብለው ጻፉላት?»

እኔም ተናድጄ ነበርና አላዳንኳቸውም። «ጋሼ» አልኩ፣ «የጻፉት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይንገሯት።»

አቶ ኩመራ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። የዓያንቱ ጣት አሁንም የእሳቸው ጽሕፈት ላይ ነው፤ እሷ ደግሞ ጎበዝ እስኪሏት ፊታቸውን ታያለች።  ከዚያ ኡርጌን በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ «በመስከረም የሚመለሱ ልጆች ስም ነው» አሏት።

ኡርጌ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል በሁለት እጃቸው ያዟት።

ከሰዓት በኋላ በዚያ ሳልፍ ወረቀቱ እዚያው ነበር። ሦስቱም ስሞች አሉ፤ ፊርማው አለ፤ ማኅተሙም አልተነካም። «የሚሰናበቱ» የሚለው አናቱ ግን በማስመሪያ ተይዞ ቀጥ ተደርጎ ተቀዷል።

ሰኔ ላይ ደግሞ፣ ቅጽ የማያልቅባቸው አቶ ኩመራ አዲስ ላኩልኝ። ለመጪው ዓመት የዓያንቱ ግብ በሚለው መስመር ላይ «የእናቷን ስም ታነባለች፤ ለእናቷም ታሳያለች» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ተመለሰልኝ። በቀይ ቀለም «ዝቅተ» ብለው ጀምረው ሰርዘውታል፤ ከሥሩ ፈርመዋል።