አሥር ቀን ለአንድ እርምጃ

ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን አራተኛ ዓመታችንን ይዘን ነበር። የምንገናኘው ቼዝ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በኢንተርኔት፣ ለአንድ እርምጃ አሥር ቀን በሚሰጥ ውድድር። ፊት ለፊት ብንቀመጥ ኖሮ አንዳችን ሰሌዳውን ገልብጦ ይወጣ ነበር።

በውድድሩ አሥራ ስድስት ሰዎች አለን። አንድ ጨዋታ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ያዘጋጀው ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሁላችንም ዳኛው እንለዋለን። አንዱ ተጫዋች የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆን፣ ሚስቱ ባረገዘች ሰሞን የጀመረውን ጨዋታ ተሸንፎ ሲጨርስ ልጁ በእግሩ መሄድ ጀምሮ ነበር። አንዲት የጥርስ ሐኪምም አለች። ታካሚዋን አፉን አስከፍታ፣ ማደንዘዣው እስኪይዘው ድረስ ቀጣይ እርምጃዋን ታስባለች እየተባለ ስለሚታማ፣ እሷ ዘንድ ጥርሴን ላላሳይ ምያለሁ። በአካል ተያይተን ባናውቅም በጋራ ገጻችን ላይ እንደ ጎረቤት እንነታረካለን። አንድ ጥብቅ ሕግ ግን አለን፤ ማንም ማንንም ቶሎ በል አይልም። የት ጠፋህ ብሎ መጠየቅ ራሱ እንደ ነውር ይቆጠራል። ይህን ሕግ ስወደው ለጉድ ነው። ኩርፊያ ለለመደ ሰው የተሠራ ሕግ ነው።

ሥራዬ ሊፍት መጠገን ነው። ቀኔ የሚያልፈው ፎቅ አናት ላይ ባሉ ጠባብ የሞተር ክፍሎች ውስጥ ነው። ግራሶ የነካ እጄን በጨርቅ ጠርጌ ስልኬን እከፍታለሁ፣ ሰሌዳውን አያለሁ፣ ተናድጄ እዘጋዋለሁ።

የኩርፊያችን ምክንያት እናታችን ናት። ስትሞት እኔ ሌላ ከተማ አዲስ ሕንፃ ላይ ሊፍት እተክል ነበር። ወንድሜ የነገረኝ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው። ገና አዲስ ተቀጣሪ ስለነበርኩ፣ ሥራዬን ጥዬ መጥቼ እንዳልባረር አስቦልኝ መሆኑን አስረዳኝ። ለእኔ ብሎ ነው እንግዲህ። እናቴን ሳልቀብር ያስቀረኝ ለእኔ ብሎ ነው። ስልኬን ቀየርኩ፣ መሥሪያ ቤቴንም ቀየርኩ፣ አዲሱን ቁጥሬን ለእሱም፣ ለሚስቱም፣ ለልጁም ሳልሰጥ ቀረሁ። እሱ ውድድሩን ከየት እንዳገኘው አላውቅም፤ አንድ ቀን ስሙን ከተመዝጋቢዎቹ መሀል አየሁት። ዕጣ ሲወጣ ደግሞ ተጋጣሚዬ ሆኖ ደረሰኝ። ከሰሌዳው ሥር መልእክት መጻፊያ ሳጥን አለች፤ ሁለታችንም ነክተናት አናውቅም። ታላቅ እሱ ነው፣ ጥፋተኛም እሱ ነው፣ ይቅደም ብዬ ጠበቅሁ።

ወንድሜ መንገድ ቀያሽ ነው፤ ሳይለካ የሚያደርገው ነገር የለም። አንድ ዓመት ሙሉ ዘጠኙን ቀን አሟጥጦ በአሥረኛው ነበር የሚጫወተው። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ተጫውቼ ስልኬን ኪሴ ሳልከት መልሱ መጣ። ከሳምንት በኋላ ስጫወትም እንደዚያው። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው ሆነ። መጀመሪያ ደሜ ፈላ፤ ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም፣ ናቀኝ ብዬ ነው። እያደር ግን ሐሳቤ ተለወጠ። ሰው ስልክ በእጁ ይዞ የሚጠብቀው የናፈቀውን ነው።

ለሹፌሩ ነገርኩት። ቀድሞ አስቀምጦት እንዳይሆን አለኝ። ውድድራችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ አንድ ተጫዋች ከፈለገ ‘እሱ ይህን ከተጫወተ እኔ ይህን’ ብሎ መልሱን ያስቀምጣል፣ ኮምፒውተሩም በእሱ ፈንታ ይመልስለታል። ሰው ግን የሚያስቀምጠው አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ነው። ከዚያ ካለፈ የተጋጣሚን ልብ ገብቶ ማየት ይጠይቃል። እኔ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የምገመት ሰው አይደለሁም ብዬ ሹፌሩን ገሠጽኩት።

ከስድስተኛው መልስ በኋላ የወንድሜ ፈረስ ጠባቂ አጥቶ ሜዳ ላይ ቀረ። ብበላው በአራት እርምጃ ጨዋታው በእኔ አሸናፊነት ያልቃል። ከልጅነታችን ጀምሮ እሱ ትቶት እኔ ያልበላሁት ነገር የለም፤ ሆዳም ይለኝ የነበረውም ለዚህ ነው። ስምንት ቀን አየሁት። በስምንተኛው ቀን አንድ የተበላሸ ሊፍት አናት ላይ ቁጭ ብዬ እናቴን ሳስብ ድንገት ሁሉም ነገር ደከመኝ። ፈረሱን ትቼ ንግሥቴን ወደ ኋላ መለስኳት፣ አቻ እንውጣ የሚለውን ተጫንኩ፣ ያችን ሳጥንም ከፈትኳት።

“ጋሼ፣ ይበቃናል” ብዬ ጻፍኩ። “የእማዬም ነገር ይብቃን። ቁጥሬ ይኸው፣ ደውልልኝ።”

መልስ አልመጣም። ሊፍቱን ጠግኜ ስወርድም አልመጣም። እያሰበበት ነው አልኩ። ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን፣ ሰባት ቀን ሆነ። ደህና ነህ ወይ ብሎ መጠየቅ ቶሎ በል እንደማለት ይሆንብኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሕጉ ሰበብ ነው፣ ሁለተኛ መለመን ኩራቴ አልፈቅድ ብሎኝ ነው። በአሥረኛው ቀን ማሸነፌን የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ፤ የተጋጣሚዬ ጊዜ አልቋል። ዳኛው ውጤቱን መዘገበ። የጥርስ ሐኪሟ እንኳን ደስ አለህ አለችኝ።

በማግስቱ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የወንድሜ ልጅ ነበረች። ድምፅዋ የትልቅ ሰው ድምፅ ሆኗል።

“አጎቴ፣ መልእክትህን ገና አሁን አየሁት” አለች። “አባዬ ካረፈ ሁለት ወር ሆነው። ብናፈላልግህ ብናፈላልግህ አጣንህ።”

የድሮ መሥሪያ ቤቴ ድረስ ሄዳ ለቋል ተብላ እንደተመለሰች ነገረችኝ። የውድድሩን ገጽ መክፈት የቻለችው የይለፍ ቃሉን ትናንት ከማስታወሻ ደብተሩ ስላገኘችው ነው። ወንድሜ ያለ እኔ ተቀብሯል። በዚህኛው ማንንም መክሰስ አልችልም፤ የደበቀኝ የለም፣ የተደበቅኩት እኔ ነኝ።

ሆስፒታል ሳለ አንድ ቀን ሙሉ ወረቀት ይዞ የእኔን እርምጃዎች ሲገምትና መልሳቸውን ሲያስቀምጥ እንደዋለ አጫወተችኝ። አልጋው ላይ ብቻውን ይስቅ ነበር አለች። ያስቀመጠው ለመሸነፍ ነው። ‘ካሸነፈኝ ደስ ይለዋል፣ ደስ ሲለው ይጽፍልኛል፣ ያን ጊዜ ሕመሜን እነግረዋለሁ’ ይል ነበር። ሕመሙ አልጠበቀውም። ስድስቱን እርምጃዬን አንድም ሳይስት ገምቶኛል።

ወረቀቱ እጇ ላይ መሆኑን ስትነግረኝ፣ ሰባተኛው ላይ ፈረሱን ካልበላሁ ምን መልስ እንዳስቀመጠ ጠየቅኳት። ወረቀቱ ሲገላበጥ ሰማሁ።

“ለእሱ ምንም አላስቀመጠም፣ አጎቴ” አለች። “ከፈረሱ ጎን ‘ይሄን አይምረኝም’ ብሎ ጽፏል።”